ቀዝቃዛ ሞተር

«ትምጣና ትስማው፤ መክፈት የሚባል ነገር ግን የለም። እሷ አንዴ ከከፈተች መቼ ትዘጋለች ብለህ ነው፣ ልጄ?»

እናቷ ስልክ ስታወራ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች ይመስላታል። ሁለቱን ክፍል የሚለየው ግድግዳ ግን ኮምፔንሳቶ ነውና ካቻቢቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ካልሲዋን እያጠለቀች አንድ ቃል ሳያመልጣት ሰማች። በወዲያ በኩል ያለው የታላቅ እህቷ ባል ምን እንዳለ አልሰማችም፤ እናቷ ግን ሳቀች። «ተው እንጂ! መካኒክ ናት እንጂ ዳኛ አይደለችም» ብላ ስልኩን ዘጋች። ካቻቢቴ የሚሏት ዘመዶቿ ናቸው። ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት ጋራዥ ስትቀጠር፣ ሴት ልጅ ብሎን ስትፈታ ወር አትከርምም ብለው በብሎን መፍቻው ለቀልድ ያወጡላት ስም ነው። አሁን አርባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጋራዡ ውስጥ ወንዶቹ ግራ ሲገባቸው የሚጠሩት እሷን ነው፤ ቀልዱ ግን ስም ሆኖ ቀረ። ቧንቧ ሲያንጠባጥብ «ካቻቢቴ!»፤ ማራገቢያ ሲቆም፣ የበር እጀታ ሲወልቅ «ካቻቢቴ የት ሄደች?» ነው። መኪና ሲገዛ ግን ትሰማለች እንጂ አትከፍትም።

ሻጩ የእህቷ ባል ነው፤ ገዢው ታናሽ ወንድሟ፤ ውሉ የሚፈረመው ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ። ወንድሟን ትንሹ ይሉታል፤ ትንሹ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነዳ፤ ድርጅቱ ሲዘጋ የስንብት ክፍያውን ተቀብሎ እናቱ ቤት ገባ። ዘጠኝ ወር ሙሉ ሳሎን ያለው ሶፋ ላይ እየተኛ፣ ጠዋት ጠዋት ብርድ ልብሱን አጣጥፎ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ የሚሄድበት ሳይኖረው ለብሶ ይቀመጣል። ከስንብት ክፍያው እስከ ዛሬ አምስት ሣንቲም አልነካም። የአሥራ አንድ ዓመት ላቡ ያ ነው፤ ሌላ የለውም፣ ከእንግዲህም ከየትም አይመጣም። እሱን ነው እንግዲህ ዛሬ ለአንድ መኪና አንስቶ የሚሰጠው። ከመኪናው ጋር ደግሞ የታክሲ ማኅበር ተራ አብሮ ይመጣል፤ የእህቷ ባል ሊቀ መንበሩን አነጋግሮ ከረቡዕ ጀምሮ እንዲሰለፍ አስፈቅዶለታል። ማታውን ካቻቢቴ ወንድሟን ይዛ አንድ ነገር ብቻ ለምናው ነበር። «እኔ ሳልደርስ ሞተሩ እንዳይነሳ። ይህችን ብቻ አደራ።» እሺ ብሏታል። ጠዋት ስትነሳ ብርድ ልብሱ ታጥፏል፤ እሱ ጎሕ ሲቀድ ወጥቶ ሄዷል።

ከእናቷ ጋር ሁለት ታክሲ ይዘው ሄዱ። እናቷ በመንገዱ ሁሉ ስለ ሽንኩርት መወደድ አወራች፤ ትናንት በምን ያህል እንደገዛች፣ ባለፈው ወር በምን ያህል እንደነበር፣ ሻጩ ሚዛኑን በአውራ ጣቱ እንዴት እንደሚጫን። ስለ ስልኩ አንድም ቃል አልተናገረችም። ካቻቢቴም አልጠየቀችም። በዚህ ቤተሰብ የተሰማ ነገር እንዳልተሰማ ይታለፋል፤ ያልተሰማው ነው የሚወራው። ከታክሲው ሲወርዱ ብቻ እናቷ ነጠላዋን እያስተካከለች «እንግዲህ ሰው ፊት ነው፤ አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ» አለቻት።

መኪናዋ ሲሚንቶ በተለሰነው ግቢ መካከል ቆማለች። ነጭ ናት፤ ታጥባ፣ ጎማዎቿ ጥቁር ቀለም ተቀብተው፣ የወንበሮቿ ላስቲክ እንኳ ሳይነሳ። የእህቷ ባል በስፖርት ቱታ በረንዳው ላይ ሆኖ እጁን ዘረጋ፤ ትንሹ ጨርቅ ይዞ መስታወት ይወለውላል። ካቻቢቴ ማንንም ሳትጨብጥ ሄዳ መዳፏን ኮፈኑ ላይ አሳረፈች። ይፋጃል።

«አስነሥታችሁታል።»

«ቆመሽ እንዳትጠብቂ ብለን ነዋ!» አለ የእህቷ ባል። «ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ስትሞቅ ቆይታ አሁን ነው ያጠፋናት። ነይ፣ ስሚያት እስቲ፤ ሰዓት በላት።»

ካቻቢቴ ወንድሟን አየችው። ወንድሟ መስታወቱን አየ። የሞቀ ሞተር እንግዳ እንደመጣበት ቤት ነው፤ ሁሉም ነገር በየቦታው ተሰድሮ ይጠብቅሻል። እውነቱን የሚናገረው ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው። ሲቆም ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ስለዚህ የተበላ ብረት ካለ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ይንኳኳል፤ ሾልኮ የሚቃጠል ዘይት ካለ በጭስ ማውጫው በኩል ሰማያዊ ጭስ ይተፋል። ከዚያ ዘይቱ ይዳረስና ሁሉም ጸጥ ይላል። ይህን ለወንድሟ ማታ በሚገባ አስረድታዋለች፤ እሱም ሾፌር ነው፣ ሳይነገረውም ያውቃል።

የእህቷ ባል ስልኩን አወጣ። በመሥሪያ ቤቱ የግዢ ክፍል ኃላፊ ነው፤ ያልተጻፈ ነገር አያምንም፣ የተጻፈውን ደግሞ አይጠረጥርም። «ይኸው፣ እኔ አላልኩም፤ ያጠኑ ሰዎች ናቸው ያሉት» ብሎ ያነብ ጀመር። በዘመኑ ከተሠሩት ምርጥ ሞተሮች አንዱ። አሥራ ስድስት ቫልቭ። የፈረስ ጉልበቱ ይህን ያህል። ተሸላሚ፣ አንዴ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ። እናቷ ቁጥር በተጠራ ቁጥር አንገቷን ትነቀንቃለች፤ ፈረስ የሚለውን ስትሰማ ደግሞ «እሰይ!» አለች። ካቻቢቴን ያበገናት የሚነበበው ሁሉ እውነት መሆኑ ነው። ይህን ሞተር ታውቀዋለች፣ እንዲያውም ትወደዋለች፤ ሠላሳ ያህሉን በእጇ ፈትታ ገጥማለች። ምርጥነቱ ግን ከፈረሱ አይደለም። ብሎኩ ድፍን ብረት ነው፤ ውሃ ጨርሶ ቢግል እንኳ ቶሎ አይጣመምም። መለዋወጫው በየሱቁ አለ። አንዲት ካንዴላ፣ እሳት የምትጭረዋን፣ ለማውጣት ግማሽ ሞተር ማውረድ የለብሽም፤ በተራ ቁልፍ ይፈታል፣ በተራ ቁልፍ ይታሰራል። ከሁሉም በላይ ሳይናገር አይሞትም። አንዳንዱ ሞተር ሲዘፍን ይውልና መንገድ ላይ ክልትው ይላል፤ ይሄኛው ከመውደቁ ከስድስት ወር በፊት ይንኳኳል፣ ያጨሳል፣ ይለምናል። ለዚህ ሁሉ ውለታ የሚፈልገው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ንጹሕ ዘይት በየጊዜው።

«ዘይት መቼ ነው የቀየሩት፣ ጋሼ?»

«ዘይት? ይሄ ሞተር እኮ ዘይት አይበላም!»

«ይበላል አላልኩም። መቼ ነው የተቀየረው?»

«ጎደለ ሲሉኝ እጨምራለሁ። ከገዛኋት አራት ዓመቴ፤ አንድ ቀን አስቸግራኝ አታውቅም። ምርጥ ሞተር ነው እያልኩሽ ዘይት ቀይር፣ ማጣሪያ ቀይር የሚባል ከሆነ ታዲያ ምኑን ምርጥ ሆነ?»

አራት ዓመት! ዘይቱ ከነማጣሪያው ከአንድ ሳምንት የሽንኩርትና የቲማቲም ወጪ አይበልጥም። ሰነፍ ሞተር ቢሆን ኖሮ በስድስት ወሩ ቀጥ ብሎ ሰውየውን ያስተምረው ነበር፤ ይሄ ቻለ፣ መቻሉ ጎዳው። ኮፈኑን ከፍታ የዘይቱን ክዳን ስትይዝ እናቷ ከኋላዋ «መክፈት የለም ተባብለናል!» ብላ ጮኸች።

«ክዳን ነው፣ እማዬ። ድስት ከፍተሽ አታውቂም?»

የክዳኑ ውስጥ ዝፍት የመሰለ ጥቁር ዝቃጭ ተጋግሮበታል። በጣቷ ዛቅ አድርጋ ለወንድሟ አሳየችው። እሱ ጨርቁን እያጠፈ «ያው ዘይት ነው» አለ። የእህቷ ባል ደግሞ «ታዲያ ዘይት ጥቁር ካልሆነ ነጭ ሊሆን ነው? ወተት መሰለሽ እንዴ?» ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው። ትንሹም ሳቀ። ያን ጊዜ ነው ካቻቢቴ በቃሏ እንደማትረታቸው የገባት። አንድ መንገድ ቀርቷታል፤ ጆሯቸው ራሱ ይስማው። «ይቀዝቅዝ» አለች። «አራት ሰዓት ያህል ይቁም። ሲቀዘቅዝ እኔ አስነሳዋለሁ፤ ከዚያ የፈለጋችሁትን ፈርሙ።» የእህቷ ባል እንደ ለጋሥ ሰው እጁን ዘርግቶ «ይቀዝቅዝላት! ምን ቸገረን፤ ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» አለና ቁልፉን ሳሎን በር ላይ ካለው ምስማር ሰቀለው። ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መኪናዋ ተነሳች። ካቻቢቴ ከሳሎን ዘላ ስትወጣ ታላቅ እህቷ መሪውን ይዛ፣ ምላሷን በጥርሷ ነክሳ ወደ ኋላ ትነዳለች። የታጠቡ አንሶላዎች ልታሰጣ ፈልጋ መኪናዋ ከገመዱ ሥር ሆነባት።

«እታለም! ምን አልኩ እኔ? ምን አልኩ?»

«አራት ሜትር ናት እኮ! አራት ሜትር ምን ትሆናለች? ይልቅ አንድ ጫፍ ያዢልኝ።»

ካቻቢቴ አንሶላውን ያዘችላት። ደሟ እየፈላ አንሶላ አሰጣች። እህቷ ስለ አንሶላዎቹ ዋጋ፣ በቅናሽ እንዴት እንዳገኘቻቸው፣ ቀለማቸው በሦስት እጥበት እንዴት እንደሚለቅ ነገረቻት። ከዚያ ምሳ ቀረበ። ሩዝና ሥጋ ነበር፤ ሥጋው ለሻጩ፣ ሩዙ ለገዢው በዛ። የእህቷ ባል ትንሹ ሀብታም ሆኖ ሁለተኛ መኪና ሲገዛ በአሳቡ አየው፤ እናቷ ሚስትም ጨመረችለት። ትንሹ ሳህኑን አቀርቅሮ ይበላል። ዘጠኝ ወር እንዲህ ያለ ጨዋታ ላይ ስሙ ተነስቶ አያውቅም፤ ጆሮው እስኪቀላ ደስ ብሎታል። ይህን ማየት ለካቻቢቴ ከዝቃጩ የባሰ ነበር። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ፤ በልቧ ነው ያለችው፣ አፏን ሰብስባለችና።

ከምሳ በኋላ የማድቤቱ ቧንቧ ትዝ አላቸው። ሁለት ወር አንጠባጥቧል፤ ቧንቧ ሠሪ አልተጠራም፤ ካቻቢቴ መምጣቷ አይቀርም ተብሎ። ከገንዳው ሥር በጀርባዋ ተኝታ፣ ዝገት ዐይኗ ውስጥ እየገባ፣ እህቷ ከራሷ በላይ ድስት እያንቋቋች፣ ሬዲዮው እየጮኸ፣ ግማሽ ሰዓት ሞላት። ጨርሳ፣ እጇን ሱሪዋ ላይ አድርቃ ወደ ግቢ ወጣች። ዝም ብላ፣ በልማድ፣ መዳፏን ኮፈኑ ላይ አደረገች። ይፋጃል።

ግቢው ውስጥ ከትንሹ በቀር ማንም የለም። የግቢው በር ጋ ቆሞ አንገቱን ያካል።

«ማን ነው ያስነሳው?»

«እኔ እንጃ።»

ካቻቢቴ አላበደችም፤ ሊያሳብዷት ግን ትንሽ ነበር የቀራቸው። ገብታ ቁልፉን ከምስማሩ ነቅላ ሱሪዋ ኪስ ውስጥ ከተተችና መኪናዋ ውስጥ ገብታ በሯን ቆለፈች። ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃዋል፣ ባይበቃውም ሌላ የለም። ፀሐዩ በመስታወቱ ገብቶ የወንበሩን ላስቲክ ከጀርባዋ ጋር አጣበቀው። ዘመዶቿ እየተፈራረቁ መስኮቱን አንኳኩ። መጀመሪያ እህቷ መጣች፤ «እሱ ምን በደለሽ? አባታችን ሲሞት ማን ነበር ከፊት የቆመው?» ብላ አለቀሰች። ካቻቢቴ መስታወቱን ጣት በሚያስገባ ያህል ዝቅ አድርጋ «እሱን አልሰደብኩም፣ እታለም፤ ሞተር እያቀዘቀዝኩ ነው» አለቻት። ቀጥሎ የእህቷ ባል በሻይ ብርጭቆ መጣ፤ ፈገግ እያለ፣ ግን የፈገግታው ጫፍ እየተንቀጠቀጠ፤ «ባለሙያ ነሽ፣ እናከብርሻለን፤ ቢሆንም ትልቅ ሰው በዚህ ዓይነት አይዋረድም» ብሎ ሻዩን ከነብርጭቆው ኮፈኑ ላይ ትቶት ሄደ። እናቷ በመጨረሻ መጣች። ነጠላዋን ከአፏ ላይ አድርጋ ቆመች፣ ቆመች፣ ተመልሳ ገባች። ትንሹ ብቻ አልመጣም። ካቻቢቴ ግን የምትጠብቀው እሱን ነበር። መጥቶ አንዴ ቢያንኳኳ በሩን ከፍታ፣ አጠገቧ አስቀምጣ፣ ይህ ገንዘብ ከጠፋ ዳግመኛ ሸሚዝ ተኩሰህ የምትቀመጥበት ሶፋ እንኳ አይኖርህም፣ እናታችንም አርጅታለች፣ እኔም ደክሞኛል ልትለው ነበር። ደክሟት ነበርና።

አሥር ሰዓት ሲሆን ሁለት ምስክሮች ገቡ፤ የእህቷ ባል የቢሮ ባልደረቦች፣ ሁለቱም ከረባት ያሰሩ። ካቻቢቴ በሩን ከፍታ አንድ እግሯን አወጣችና ሁሉንም ጠራች። «አንድ ደቂቃ ብቻ። ማንም አይናገር። ዝም ብላችሁ ስሙ።» ቁልፉን አዞረች።

ሞተሩ ተነሳ፤ በመነሣቱ ጎበዝ ነው። ከዚያ ከሆዱ፣ ከታች፣ ብረት ብረትን መደብደብ ጀመረ። ደረቅ፣ ፈጣን፣ የተቆለፈበት ሰው በር ሲደበድብ የሚሰማ ዓይነት። ኮፈኑ ላይ የቀረው የሻይ ብርጭቆ ተንቀጠቀጠ፣ ተንሸራተተ፣ ወድቆ ተሰበረ። በጭስ ማውጫው በኩል ሰማያዊ ጭስ እየተግተለተለ ወጥቶ በቀጥታ ገመዱ ላይ ወዳሉት አንሶላዎች ሄደ። «አንሶላዬ!» አለች እህቷ። አንዱን ምስክር ሳል ያዘው፤ ሌላው ከረባቱን አፍንጫው ላይ አደረገ። ስምንት ሰከንድ፣ ቢበዛ አሥር። ከዚያ ዘይቱ ተዳረሰ፣ ድብደባው ቀለለ፣ ጠፋ፤ ሞተሩ እንደ ጨዋ ሰው ዝግ ብሎ መሥራት ያዘ።

«ከእንቅልፉ የተነሳ ሁሉ ይስላል» አለ የእህቷ ባል። ምስክሮቹ ሳቁለት።

ካቻቢቴ አልሳቀችም። «ጋሼ ጠዋት ያነበቡት ሁሉ እውነት ነው። ሞተሩ ምርጥ ነው፤ ግን በዘይት ጥማት ገድለውታል። ቢበዛ ሁለት ወር ይሄዳል» አለች፤ ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። «አንተ አሥራ አንድ ዓመት ነድተሃል። ማንም ባይሰማ አንተ ሰምተሃል። ንገራቸው።»

ሁሉም ትንሹን አየው። እናቷ፣ እህቷ፣ ሻጩ፣ ሁለቱ ከረባቶች። ትንሹ የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ፣ የጫማውን ጫፍ እያየ ቆሞ ነበር።

«እኔ ምንም አልሰማሁም» አለ።

ተያይዘው ገቡ። የእህቷ ባል እጁን በትንሹ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ ነው የገባው። ካቻቢቴ ሞተሩን አጠፋች፤ ወርዳም ኮፈኑ ላይ ተቀመጠች። ተናዳለች፣ አፍራለችም፤ ሌላ ሰው ሳይሆን ገዛ ወንድሟ ነው ሰው ፊት ውሸታም ያደረጋት። ከውስጥ ወንበር ሲጎተት፣ ወረቀት ሲገላበጥ ሰማች። ከዚያ ጭብጨባ መጣ፤ እናቷ እልል አለች።

ትንሹ ብቻውን ወጣ። የውሉን ቅጂ አራት ቦታ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከቶታል። አጠገቧ መጥቶ ቆመ እንጂ አልተቀመጠም።

«ቅድም ያስነሳሁት እኔ ነኝ» አለ።

«አውቃለሁ።»

«የጠዋቱንም እኔ ነኝ። አንድ ሰዓት ላይ ደረስኩና አንዴ ልስማው ብዬ አስነሣሁት። ሰማሁት። ከዚያ… እንዳይቀዘቅዝ ብዬ፣ አንቺ ልትደርሺ ስትይ ነው ያጠፋሁት።»

«ለምን?»

«ከረቡዕ ጀምሮ ተራ አለኝ እኮ፣ እትዬ።» ሸሚዙን ዝቅ አድርጎ አስተካከለ። ጠዋት ጠዋት የታጠፈውን ብርድ ልብስ ካቻቢቴ ለዘጠኝ ወር አይታዋለች።

«ይጠገናል ወይ?» አለ ትንሹ ቀስ ብሎ።

«ይሄ ሞተር የማይጠገንበት ጊዜ የለም። ምርጥ ያሰኘውም እሱ ነው፤ ቢሞትም ይከፈታል። ለረቡዕ ግን አይደርስም። ለወሩ መጨረሻ ከደረሰ ተመስገን በል።»

ትንሹ አንገቱን ነቀነቀ። ይህንንም ያውቅ ነበር። «ነገ ጋራዥሽ ላምጣው?»

ካቻቢቴ ከኮፈኑ ላይ ወረደች። ቁልፉን አውጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለትና ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈችበት።

«ማለዳ አምጣው። ግን አንድ ደቂቃ እንኳ እንዳታስነሳው፤ በተነሳ ቁጥር ይበላል። እየገፋህ አምጣው።»

«እስከ ጋራዡ? ብቻዬን?»

ከሳሎኑ ሳቅ ይሰማል፤ የእህቷ ባል ለምስክሮቹ ስለ ፈረሶቹ እያነበበላቸው ነው።

«ለምን ብቻህን?» አለች ካቻቢቴ። «ቤት ሙሉ ዘመድ አለህ አይደል?»